መንገዱ በተዘጋ ቀን

በቋንቋችን «ቤት» የሚለው ቃል ሸክሙ ብዙ ነው። ግድግዳና ጣሪያ ያለው ማደሪያ ቤት ይባላል፤ የስንኝ መጨረሻ ከቀጣዩ ስንኝ መጨረሻ ጋር ሲስማማ «ቤት መታ» እንላለን፤ ሳይስማማ ሲቀርም «ቤት አልመታም» ብለን ገጣሚውን እንነቅፋለን። ቤተሰብ የቤት ሰው ማለት ነው። «ባለቤት» የሚለውማ ሦስት ፍቺ ተሸክሞ ይኖራል፦ የቤቱ ባለንብረት፣ የትዳር ጓደኛ፣ በሰዋስው ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ አድራጊ። እኔ በሁለተኛው ፍቺ ባለቤት አለኝ፤ በሦስተኛውም እስከ ጻፍሁ ድረስ አላጣም፤ የጎደለኝ የመጀመሪያው ነው።

«ከተማ» እና «ሰፈር» የሚሉት ቃላት ደግሞ የተወለዱት ከድንኳን ነው። ከተመ፣ ሰፈረ ማለት ሠራዊቱ ጉዞውን አቁሞ አረፈ ማለት ነበር። በአማርኛ አስተሳሰብ ከተማ ማለት የቆመ ጉዞ ነው እንደ ማለት ነው። የዛሬው የአዲስ አበባ ቤት ፈላጊ ግን ይህን ገልብጦታል፤ እርሱ የሚከትመው በየቀኑ ለመጓዝ ነው።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ቤት ግዢ ነው። በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል የቤት ግዢ ምን ይሠራል የሚል ቢኖር፣ በዚህ ዘመን ሁለት አንባብያን ሲገናኙ ከመጽሐፍ ይልቅ የሚያወሩት ስለ እርሱ እንደ ሆነ አስታውሰዋለሁ። በየልቅሶ ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ በየሠርጉ ድንኳን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሹክ የሚባባሉ ጎልማሶችን ብትሰሟቸው ወሬያቸው ሁለት ጥያቄ ነው፦ «ካሬው ስንት ገባ?» እና «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»። እኔ እነዚህ ሁለቱ አይበቁም ባይ ነኝ። ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «መንገዱ በተዘጋ ቀን ቤተሰቤ በዚያ ስፍራ እንዴት ይውላል?» የሚል ነው። ከሦስቱ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይኸኛው ይመስለኛል።

ቤት የት ልሥራ የሚለው ጥያቄ ለሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ቀደሟቸው ነገሥታት ሁሉ ድንኳን እየነቀሉ ድንኳን ሲተክሉ የኖሩ ንጉሥ ነበሩ። መንቀልና መትከሉ የአስተዳደር ዘዴ ነበር፤ ሠራዊቱ የአንዱን አገር እህልና ማገዶ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይነሣል። ታዲያ በአንድ ስፍራ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ታየ ይላል ታሪካቸው፤ ንጉሡም ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩበት፤ ከቀረው ዘመናቸውም አብዛኛውን በዚያው ኖረው በዚያው ዐረፉ። ብርሃኑ ምን ነበረ የሚለውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ በመንገድ ላይ ያረጀ ንጉሥ አንድ ቀን «ይበቃኛል» ማለቱ ነው። ልጃቸው በእደ ማርያም ግን በስፍራው ብዙም አልቆዩም፤ ከተማዪቱም ደበዘዘች።

ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት ወዲህ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሁለት ቤት ነበራቸው። አንደኛው አንኮበር ነው፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠ፣ ደጋውን ከቆላው የሚያገናኘውን ንግድ የሚጠብቅ በር፤ ከበታቹ የአልዩ አምባ ገበያ አለ። ሁለተኛው ከደብረ ብርሃን ወዲህ በሜዳው ላይ ያለው አንጎለላ ነው። ንጉሡ በሁለቱ መካከል ይመላለሱ ነበር፤ በዛሬ አነጋገር ቤታቸውና ሥራቸው ተራርቀው ነበር ማለት ይቻላል። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ አንኮበርን ያዙ፤ ቆይተው ወደ ልቼ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። በአንድ ሰው ዕድሜ አምስት ሰፈር! ስድስተኛም ሊጨምሩ ነበር፤ የአዲስ አበባ ማገዶ ሲመናመን በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበርና። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ እኔም ዛሬ በአዲስ ዓለም ዙሪያ ቤት እፈልግ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ዝውውር ውስጥ ቋሚ ሆኖ የተገኘውን ቤት ማን እንደ መረጠው ግን ሁሉም ያውቃል። ከእንጦጦ ብርድና ንፋስ ወርደው በፍልውኃው አጠገብ በ1879 ዓ.ም. ቤት ያሠሩት፣ ስሙንም አዲስ አበባ ያሉት ጣይቱ ናቸው። ንጉሡ ከፍታን የመረጡት ለምሽግ ነው፤ እርሳቸው ግን የሚኖሩበትን አዩ። ይህን የማነሣው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቤተ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ አንኮበር ምን ሆነች? እናቴ የተወለደችው በዚያ ስለ ሆነ ይህ ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። አንኮበር የቆመችው በሁለት ነገር ነበር፤ በግቢው እና በበሩ። ግቢው ወደ እንጦጦ ሄደ። በሩን ደግሞ ሌላ መንገድ ወሰደው፤ ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ያወጡት አውራ ጎዳና በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና በኩል የጣርማበርን ተራራ በዋሻ ሰንጥቆ ወረደ፤ አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ቀረች። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ከአሮጌው ሕንፃ የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው፤ ዛሬ ከአናቱ ላይ የእንግዶች ማረፊያ ተሠርቶበታል። ልቼንማ ያለ መሪ ፈልጎ የሚያገኛት ጥቂት ነው። ደብረ ብርሃን ግን ያው አውራ ጎዳና መሐሏን አቋርጦ ስላለፈ ተነሣች። መንገድ ይሰጣል፤ መንገድ ይነሣል። ቤት ፈላጊ ሰው የሰሜን ሸዋን ካርታ ሲዘረጋ የሚያነበው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢሆን መልካም ነው።

አሁን ወደ ዛሬው መንገድ እንምጣ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሮ ኮተቤን፣ ካራን፣ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ሲሞላው ከበሬሳ ወንዝ ከተማ ይደርሳል። ባለፈው በጋ እኔና ባለቤቴ ይህን መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁራጭ በቁራጭ አየነው። ገና ከለገጣፎ እንዳለፍን ደላሎች ስልካችንን ተቀባበሉት። የደላላ አማርኛ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነው። «መንገድ ዳር» ማለት መንገዱ የሚታይበት ኮረብታ ነው፤ «ውኃ ደጅ ላይ አለ» ማለት ጎረቤት ጉድጓድ ቆፍሯል ማለት ነው፤ «ሰርቪስ ያለው» ሲባል ከጓሮ የተቀጠለ ክፍል ይሁን የመሥሪያ ቤት አውቶቡስ በደጅ ያልፋል ለማለት ይሁን ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። «ካርታው በሂደት ላይ ነው፣ ጋሼ» የሚለውን ግን ጠይቄም አልተረዳሁት።

በዚህ በካርታ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። በአገራችን ቤት የሚገዛ ሰው መሬት አይገዛም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት አዛወረ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥም እንደማይለወጥም ደነገገ፤ የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ አደረገ። ስለዚህ ገንዘባችንን የምናፈሰው በግድግዳውና በአንዲት ወረቀት ላይ ነው። በከተሞች ጠርዝ ያለው አርሶ አደር ግን መሬቱ ነገ በልማት ስም እንደሚወሰድበት ያውቃል፤ ካሳውም ትንሽ እንደሚሆን ይገምታል፤ እናም ቀድሞ በግል ውል ቆርሶ ይሸጣል። ገዢውም ሌሊት ግድግዳ ያቆማል። ለዚህ ዓይነቱ ቤት ሕዝባችን «ጨረቃ ቤት» የሚል ስም አውጥቶለታል። እንዴት ያለ ውብ ስም ለእንዴት ያለ አስጨናቂ ነገር! በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ የተባሉ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ዕቃቸውን ሜዳ ላይ ያወጡ እናቶችን ያየ ሰው ያን ስም እንደ ግጥም ሊሰማው አይችልም። ከእነዚያ ቤቶች መካከል ግብር የተከፈለባቸውና መብራት የገባላቸው እንደ ነበሩ ባለቤቶቹ ሲናገሩ ሰምተናል። እኔ በዚህ ላይ ፍርዴ ጥብቅ ነው፦ ካርታ የሌለው ቤት ርካሽ አይደለም፤ የቀረው ዋጋ ለሌላ ቀን ተላልፎ ነው።

ካርታው ንጹሕ ቢሆንስ? ሁለተኛው ሒሳብ የሰዓት ነው። ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በወረቀት ላይ ቅርብ ናት። ነገር ግን ከካራ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም እስከ እኔ ቢሮ ያለው የጠዋት መጨናነቅ ኪሎ ሜትርን አያከብርም። መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት ብዬ ያዝሁ። በቀን አራት፣ በሳምንት ሃያ ሰዓት ነው፤ በዓመት 48 የሥራ ሳምንት ብንቆጥር 960 ሰዓት ይሆናል፤ ሌሊትና ቀኑን ስናካፍለው 40 ሙሉ ቀን። ወንድ ልጅ ተወልዶ ክርስትና እስኪነሣ ያለውን ያህል ዕድሜ በየዓመቱ በሚኒባስ መስኮት በኩል ባሕር ዛፍ እያየሁ ላሳልፍ ነው። ከደብረ ብርሃን ብመላለስማ በቀን 260፣ በሳምንት 1,300 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እርሱን የሚሞክር ሰው ቤት ሳይሆን ጎማ ይግዛ።

ቼዛሬ ማርኬቲ የተባለ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በእግሩም ቢሄድ በባቡርም ቢሳፈር፣ በቀን ለመመላለሻ የሚያውለው ጊዜ በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት እንደሚጠጋ፣ ከተሞችም በየዘመኑ የሰፉት በዚያ ልክ እንደ ሆነ ይናገራል። ለንደን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ዳር ስትሰፋ የባቡር ኩባንያው ራሱ ነበር ሐዲዱን ዘርግቶ በዳርና ዳሩ ቤት የሚሸጠው፤ አካባቢውንም «ሜትሮ-ላንድ» ብሎ በማስታወቂያ አስተዋወቀው። ሐዲዱ ቀደመ፤ ቤቱ ተከተለ። በእኛ ዘንድ ቤቱ ይቀድማል፤ ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ አስፋልት እየተለመነ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በምሥራቅ በኩል አያት ላይ ይቆማል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ የባቡር መስመር የላትም። ሽቱትዘርና ፍሬይ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ጀርመኖችን ጠይቀው፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል፤ የተሻለው ቤትም ሆነ የተሻለው ደመወዝ መንገዱን አልካሰላቸውም። ይህ እንግዲህ መንገዱ በማይዘጋበት አገር ነው።

የእኛ መንገድ ይዘጋል። ይህን በቀጥታ መናገር ይሻላል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ደብረ ሲና በተጠጋ ጊዜ ደብረ ብርሃን ልቧን በእጇ ይዛ ሰነበተች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ በከተማዪቱ ውስጥ ሳይቀር ተኩስ ተሰምቷል፤ መንገዱም የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት «ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ መደወልን ለመደ። ያን ሰሞን የሥራ ባልደረባዬ ደብረ ብርሃን ያለች እናቱን ለማስታመም ሄዶ መመለሻ አጥቶ ቀናት ቆየ፤ እርሱን ያስጨነቀው የእናቱ ሕመም ሳይሆን አዲስ አበባ ያሉት ልጆቹ ነበሩ። ጦርነት ባይኖርም የነዳጅ ሰልፍ አለ፤ የክረምት ጭጋግ አለ፤ የተገለበጠ ከባድ መኪና አለ።

ስለዚህ ጥያቄዬን በሁለቱ ስፍራዎች ላይ ላድርገው። ሰንዳፋ ቤት ገዛን እንበል። መንገዱ በተዘጋ ቀን የእኔ ቢሮ አዲስ አበባ ነው፤ ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ተረኛ የምትሆንበት ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው፤ ከአጎራባች የምናውቀው ሰው የለም፤ ዕቁባችንም ዕድራችንም ኮተቤ ቀርቷል። የቀረን ግድግዳው ብቻ ነው። ይህን ስል ሰንዳፋን ማቃለሌ አይደለም፤ ለተወላጁ ሰንዳፋ ገበያው፣ ቤተ ዘመዱ፣ እርሻው ናት፤ ልጆቼም በዚያ ትምህርት ቤት ገብተው አፋን ኦሮሞ ቢማሩ እንደ ትርፍ እቆጥረው ነበር። ባዶ የምትሆነው ለእኔ ነው፤ እንደ አንኮበር ግቢ፣ ከሌላ ቦታ በሚመጣ ነገር ብቻ ስለምቆምባት።

ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 65,231 ሰው ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ አገራችን ቆጠራ ስላላካሄደች የዛሬውን የሚናገር ሁሉ በግምት ነው፤ ሆኖም በዓይን ለሚያያት የዚያን ጊዜዋ ከተማ አይደለችም። በዚያው በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተላት። ብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የቆየ ነው፤ የቢራ ፋብሪካዎች መጡ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አለ። «ሪጂኦፖሊታን» የሚል ማዕረግም ተሰጥቷታል፤ ቃሉን ሳይንተባተብ የሚጠራ የከተማዋ ነዋሪ እስካሁን አላገኘሁም እንጂ። ዋናው ቁም ነገር፣ በዚያ ከተማ ሰው ጠዋት ወጥቶ የሚሠራው፣ ልጁ የሚማርበት፣ የታመመ እንደሆነ የሚታከምበት፣ ሲሞት የሚቀበርበት ሁሉ በእግር መንገድ ርቀት ነው። መንገዱ ቢዘጋ ከተማዋ ትጨነቃለች፤ ኑሮዋ ግን አይቆምም።

ይህ ማለት ግን ማንም አዲስ አበባ እየሠራ ደብረ ብርሃን ቤት ይግዛ ማለት አይደለም። በዚያ ከበሬሳ ማዶ አንድ የድንጋይ ቤት አየን። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ይሆናል፤ በከተማዋ ብርድ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ በሚያለብስበት አገር፣ ብሎኬት የሚሠራ ሰው በኋላ ለባናና ለከሰል የሚያወጣውን ያስበው። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ በርኖሳቸውን ደርበው ገብስ ቆሎ እያስያዙን ብዙ አጫወቱን። ካርታቸው በጥሩ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ስም ለማዞርም ምንም የማይከለክለው ነበር። በመጨረሻ ጠየቁኝ፦

«የምትሠራው የት ነው፣ ልጄ?»

«አዲስ አበባ ነው፣ አባባ።»

«እሷስ?»

«እሷም አዲስ አበባ ናት።»

«ታዲያ እዚህ ማን ሊኖርበት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ «ሚስቴና ልጆቼ ይኖራሉ፣ እኔ ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ» የሚል ነው። አዲስ አበባ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ሰኞ ሳይነጋ የሚነሣ፣ ዓርብ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚደርስ አባት። እኔ ይህን ዝግጅት ለጥቂት ወራት ካልሆነ በቀር አልደግፈውም። ሲመለሱ ስለ ደጁ ሲያጣራ፣ ሂሳብ ሲጠይቅ፣ ሲቆጣ የሚውል እንግዳ ነው የሚፈጥረው። ባለቤቴ በመመለሻችን ላይ፣ ጫጫን ስናልፍ፣ በመስኮቱ እያየች ያለችኝ ይህን ነው፦ «ቤቱን አንተ ትመርጣለህ፤ ማታ ማታ በሩን የምቆልፈው ግን እኔ ነኝ። መጀመሪያ የእኔ ሥራ እዚያ ይገኝ። አንተ አርታዒ ነህ፤ ወረቀትህ ከአንተ ጋር ይሄዳል። የእኔ በሽተኛ ግን በቦርሳ አይያዝም።» ጣይቱን ያስታወሱኝ እነዚህ ቃላት ናቸው። እውነቷን ነው፤ ከሁለታችን በመንገዱ ላይ መኖር የሌለባት እርስዋ ናት፤ ሌሊት ተረኛ ሆና ጠዋት መንገድ ላይ የምታድር እናት ማንንም አታስታምምም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ቅር ይለኛል። ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌሎችም አካባቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ያስጠጋች ከተማ ናት። እኔ «የተሻለ ቤት» የምፈልግባት ከተማ ውስጥ የነበራቸውን ቤት ያጡ ሰዎች በሸራ ሥር ያንን ውርጭ ያሳልፋሉ። ከዚህም በላይ፣ እንደ እኔ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ኪሱን ይዞ በመጣ ቁጥር የአስተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ኪራይ ይጨምራል። «አንተ ብትቀር ምን ይለወጣል?» ይሉኛል ወዳጆቼ። ምናልባት ምንም። ነገር ግን በዚያ ቤት ገዝቶ በዚያ የማይኖር፣ በዚያ የማይሠራ፣ ዕድር የማይገባ ሰው ከከተማዋ የሚወስደው ብቻ እንጂ የሚሰጣት የለውም፤ በዚያ የምትሠራ ነርስ ግን ሌላ ነገር ናት። የእኔ ሦስተኛ ጥያቄ እዚህም ይሠራል፤ መንገዱ በተዘጋ ቀን ከጎረቤት ጋር የሚውል ሰው የዚያ ሰፈር ሰው ነው።

አንኮበርስ? ይህ የልቤ ድክመት ነው። የእናቴ እህት እዚያው አለች፤ በሄድሁ ቁጥር «አያትህ ያረሰው መሬት አለ፣ ማን ከልካይ አለህ?» ትለኛለች። ጠዋት ጭጋጉ ከቆላው ሲነሣ፣ ገደሉ ከእግር ሥር ጠፍቶ ሲመለስ፣ ሩቅ የአፋር ሜዳ ሲገለጥ ያየ ጸሐፊ እዚያ ጎጆ ቀልሶ መጻፍን አይመኝም ማለት ዘበት ነው። በስሟ የምትጠራ ትንሽ ወፍ እንኳ አለቻት፤ ከዚያ ገደላ ገደል ሌላ እምብዛም የማትገኝ፣ ሊቃውንት የመዘገቧት ገና በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ግን አክስቴ የምትለው መሬት የእርሻ መሬት ነው፤ እርሷ ታርሰዋለች እንጂ እኔ ልሸጥላትም ልገዛትም አልችልም፤ ወንድሞቿ ልጆችም በየዓመቱ ድንበሩን እየተካፈሉት ጠቧል። ከከተማ ገቢ ያለኝ ሰው ለውበት ብዬ ከዚያ ላይ አንድ ጥማድ ብቆርስ ከማን ጉሮሮ እንደ ቆረስሁ አውቀዋለሁ። አንኮበርን በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአክስቴ ቤት እንግዳ ሆኜ፣ ጠላዋን እየጠጣሁ አያታለሁ። ይህም ለእኔ ብዙ ነው።

አሁን ያለንበት እንዲህ ነው። ባለቤቴ በጥር ወር በደብረ ብርሃን የሥራ ማመልከቻ አስገብታለች። እኔም አለቃዬን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ ገብቼ የቀረውን ከቤት እንድሠራ ጠይቄ «እናያለን» ተብያለሁ። የሰንዳፋው ደላላ በዚህ ሳምንት ደውሎ ካርታው «ሊያልቅ ነው» ብሎኛል። ለሽማግሌው ቀብድ አልከፈልንም፤ እርሳቸውም የእርስዋ መልስ ሳይመጣ ገንዘብ እንዳንሰጣቸው ራሳቸው አስጠንቅቀውናል፤ ሌላ ገዢ ከመጣ ግን እንደሚሸጡት ሳይደብቁ ነግረውናል። ታናሹ ልጃችን ደብረ ብርሃን በረዶ አለ ብሎ ለክፍል ጓደኞቹ አውርቶ ኖሮ፣ ውርጭ እንጂ በረዶ እንዳልሆነ ላስረዳው ስል ሁለቱን የሚለየው ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ በኅዳር ማለዳ ወስጄ አሳየዋለሁ ብዬዋለሁ።